በፌንጣ ስም የተነሳ ፎቶ

መኪናው በር ላይ ቆሞ ክላክሱን ሲያንባርቅ ፌንጣ አልጋ ስር ገብታ የአልጋውን እግር በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች።

«ውጪ አልኩሽ! ሰውዬው ቆሟል እኮ!» አለች አያቷ እቴቴ፣ በአንድ እጇ ወገቧን፣ በአንድ እጇ የልጅቷን ቁርጭምጭሚት ይዛ።

«አልሄድም!»

«አምና የተባልነውን ረሳሽው? ዘንድሮም ከተንቀሳቀስሽ ትወጫለሽ ብለዋል። መባረር አማረሽ?»

«አዎ!»

እንዲህ ካለች ልጅ ጋር ምን ክርክር አለ! የመዝገብ ስሟ ሌላ ነው፤ ግን መራመድ ሳትለምድ መዝለል የለመደች ናትና ፌንጣ ተብላ ቀረች። ስምንት ዓመቷ ነው።

ነገሩ የተጀመረው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ሐኪሞች በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ፣ የልጅ ጭንቅላት ከዓመት ዓመት እንዴት እንደሚያድግ እናጠናለን ብለው ልጆች መረጡ። የታመመ አይፈልጉም፤ ጤነኛ ነው የሚፈልጉት። በዓመት አንድ ቀን ልጁን በመኪና ይወስዱና፣ ኤም አር አይ የሚሉት ዋሻ የመሰለ ማሽን ውስጥ አስተኝተው የጭንቅላቱን ውስጥ ፎቶ ያነሳሉ። መርፌ የለው፣ ክኒን የለው። ልጁ ዝም ብሎ መተኛት ብቻ ነው።

ዝም ብሎ መተኛት! ለፌንጣ!

እቴቴ ግን ጥናቱን ወዳዋለች። መኪና በር ድረስ ይመጣል፤ ጎረቤት በመጋረጃ ያያል። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ለስላሳ ወንበር አለ፣ የማታውቃቸው እናቶች አሉ፣ ያልሰማችው ወሬ አለ። የመጀመሪያውን ዓመት ፎቶ በወረቀት አትመው ሰጥተዋት ሳሎን ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቅላዋለች። የታችኛዋ ጎረቤት አይታ «ምንድነው ይሄ? ለሁለት የተቆረጠ ጥቅል ጎመን ነው?» ብትላት፣ «የኔ ጎመን ተመርምሮ ጤነኛ ተብሏል፤ ያንቺን ማን አየልሽ!» ብላ አፏን አስያዘቻት።

አምና ግን ፌንጣ ማሽኑ ውስጥ ስትገላበጥ ፎቶው ደበዘዘ። ማሽኑን የሚያሠራው ሰውዬ፣ እቴቴ የማሽኑ ሹፌር የምትለው፣ ወጥቶ «እማማ፣ ለዘንድሮ እንደምንም እንጠቀምበታለን፤ ከርሞ እንዲህ ከሆነች ግን ከጥናቱ ትወጣለች» አላት። ያቺ ቃል ዓመት ሙሉ ስታንገበግባት ከረመች። የእቴቴ የልጅ ልጅ ተባረረች ተብሎ ይሰማ? ፎቶው ከግድግዳ ይውረድ?

ክላክሱ ደገመ።

እቴቴ ከወለሉ ቀና ስትል ጭምቷን አየቻት።

ጭምቷ የወንድ ልጇ ልጅ ናት። ግቢው አንድ ነው፤ ሴት ልጇ ከነፌንጣ በፊት ለፊቱ ቤት፣ ወንድ ልጇ ከነሚስቱ በጓሮው ቤት ይኖራሉ። ወንዱ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ በወር ሁለት ቀን ቢታይ ነው። እናቶች ሥራ ሲውሉ ሁለቱንም ልጆች የምትጠብቀው እቴቴ ናት። ልጆቹ በሦስት ወር ነው የሚበላለጡት፤ ሁለቱም የሟች አያታቸውን ሰፊ ግንባር ይዘው ወጥተዋል፤ ከጀርባማ እናቶቻቸውም ይሳሳታሉ። ልዩነታቸው አንዷ እሳት፣ አንዷ ውሃ መሆኗ ነው። ጭምቷ ካስቀመጧት አትነሳም። አትጮህም፣ አታስቸግርም፣ አትጠይቅም። «ከሷ ተማሪ!» ይባላል ለፌንጣ፣ ጠዋት ማታ። ያን ቀንም እናቷ አሳምራ የሠራችላትን ፀጉር ይዛ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች።

የጭምቷ እናት ፀጉር ሠሪ ናት። ሐኪሞቹ የዚያን ጊዜ ሁለቱንም ልጆች መርጠው ነበር፤ እሷ ግን የፈቃዱን ወረቀት አልፈርምም አለች። «የልጄን ጭንቅላት በየሳምንቱ በእጄ እየዳበስኩ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ማሽን አይነግረኝም» አለች። በቃ፣ አለቀ።

ይሄ ለእቴቴ ትዝ አላላትም አይባልም። ትዝ ብሏታል። ግን ክላክሱ ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ።

«ነይ እስቲ፣ መኪና እንሳፈር» አለቻት።

ጭምቷ ተነሳች። የት አላለች፣ ለምን አላለች።

መኪናው ውስጥ እቴቴ ጆሮዋ ስር ገብታ «ዛሬ በፌንጣ ስም ነው የሚጠሩሽ። አቤት ትያለሽ። ደሞ ለማንም አይነገርም። ለእናትሽም አይነገርም። እሺ በይኝ» አለቻት።

«እሺ» አለች ጭምቷ።

ሐኪም ቤት ሲደርሱ ነርሷ ወረቀቷን ይዛ መጣች። በየዓመቱ ያው ጥያቄ ነው።

«በሰውነቷ ውስጥ ብረት አለ?»

«ኧረ እሷ ራሷ ብረት ናት!»

«ካምና ወዲህ ታማለች?»

«ጉንፋን፣ የልጅ ነገር።»

«ራስ ምታትስ?»

«ራስ የምታሳምም ናት እንጂ የሚያማት አይደለችም!»

ነርሷ ሳቀች። ጭምቷ ቀና ብላ አያቷን አየቻት፤ መልሳ ወለሉን አየች።

«ምነው ዘንድሮ ረጋ አለችሳ?»

«ዕድሜ ነዋ የኔ ልጅ! እስከ መቼ ትዝለል?»

መጀመሪያ መለማመጃው አለ፤ ከእንጨትና ከፕላስቲክ የተሠራ የውሸት ማሽን፣ ጩኸቱ ብቻ የእውነት የሆነ። እዚያ ተኝተው ፊልም ያያሉ፤ የተንቀሳቀሰ ልጅ ፊልሙ ይቆምበታል። አምና ፌንጣ ስድስት ጊዜ አስቁማዋለች። ጭምቷ አንድም ጊዜ አላስቆመችም። ከዚያ ወደ እውነተኛው ወሰዷት። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አደረጉላት፤ ራሷ ላይ እንደ ቅርጫት ያለ ነገር ገጠሙላት፤ ፊልሙን የምታይበት ትንሽ መስታወት ከዐይኗ በላይ አቆሙላትና አስገቧት። ማሽኑ ድው ድው አለ፣ ከዚያ ጥርርር፣ ከዚያ እንደ ተበላሸ ወፍጮ። አርባ ደቂቃ! ከውጪ የሚታዩት ሁለት እግሮቿ ናቸው፤ አውራ ጣቷ እንኳ አልነቃነቀም።

«እማማ፣ እዚህ ስንት ልጅ አስተኝቻለሁ፣ እንዲህ ያለች አላየሁም» አለ የማሽኑ ሹፌር። «ምን አድርገዋት ነው?»

«አያቷን ወጥታ ነው» አለች፣ በዕድሜዋ አራት ደቂቃ አፏን ዘግታ የማታውቀዋ እቴቴ።

ቤት ከገቡ በኋላ ያ ድል ሆዷ ውስጥ እንደፈላ ውሃ ክዳኑን ሲያነሳ ሲጥል ዋለ። ለማን ይነገራል? የታችኛዋ ጎረቤት በአጥር ብቅ ብላ «እህሳ፣ ዘንድሮስ እንዴት ነበር?» አለቻት።

«ደህና» ብላ ገባች።

ጎረቤቷ ደነገጠች። እቴቴ «ደህና» ብቻ ብላ ከገባች አንድ ሰው ሞቷል ማለት ነው ብላ ለቀጣይዋ ጎረቤት ነገረች።

ከሐኪም ቤት ስልኩ የመጣው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው፤ ለእቴቴ ሴት ልጅ፣ ለፌንጣ እናት፣ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ማሽኗ ላይ እያለች። «ሰው ይዘሽ ነይ» ተባለች። ሰው ይዘሽ ነይ የሚባለው ለምን እንደሆነ ማንም ያውቃል። እናቷን ይዛ ሄደች።

ዶክተሯ ሦስት ፎቶ ስክሪኑ ላይ ደረደረች። «ይሄ የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፤ ንጹህ። ይሄ ያምናው፤ ደብዛዛ ነው፣ ግን ምንም የለበትም። ይሄ የዘንድሮው።» በእስክሪብቶዋ ጫፍ አሳየች። መሀል ላይ፣ የጭንቅላት ውሃ በሚያልፍበት ጠባብ መንገድ አጠገብ፣ የባቄላ ፍሬ የሚያክል ነጭ ነገር ተቀምጧል።

«ምንድነው?» አለች የእቴቴ ልጅ።

«እጢ ነው። ምን ዓይነት እንደሆነ ገና ነን። እኔን ያስጨነቀኝ፣ አምና ያልነበረ ነገር በአንድ ዓመት እዚህ ከደረሰ፣ እየሮጠ ነው ማለት ነው። የሚሮጥ ደግሞ ክፉ ነው። አደንዝዘን፣ መድኃኒት በደም ሥሯ ሰጥተን ሌላ ፎቶ እናነሳታለን። ቀጥሎ ቀዶ ጥገና ነው።»

የእቴቴ ልጅ «ፌንጣዬ» አለችና ወንበሩ ላይ እንደ ጨርቅ ተጣጠፈች።

እቴቴ የዘንድሮው ፎቶ ላይ አፈጠጠች። በልቧ መጀመሪያ የመጣውን ማንም አይወቅባት፤ ተመስገን፣ የፌንጣ አይደለም፣ ነው ያለችው። ያችን ሳትጨርስ ሌላዋ መጣች። የፌንጣ ካልሆነ የማን ነው?

አፏን ከፈተች። «ዶክተር...»

«አቤት እማማ?»

«ውሃ ይኖራችኋል? ልጄ ልትወድቅብኝ ነው።»

የዚያን ሰዓት ብትናገር የምታፍረው በአንዲት ዶክተር ፊት ነበር። ከዚያ ወዲያ የምታፍርበት ሰው በየቀኑ እየበዛ ሄደ።

ቤቱ ሰው ሞላበት። የሚያለቅስ ያለቅሳል፤ የሚያጽናና መስሎት «የኔ አክስት ልጅም እንዲሁ ሆኖ ነው የሞተው» የሚል አይጠፋም። ከሁሉ የባሰችው ግን ምራቷ ናት። ፀጉር ቤቷን ዘግታ መጣች። አበሰለች፣ አጠበች፣ የፌንጣን እናት ደግፋ አበላች። ፌንጣን ጭኗ ላይ አስቀምጣ «ፀጉርሽን ከመቁረጣቸው በፊት ላሳምርሽ፤ ለኔ ያድርገው የኔ እናት፣ ለኔና ለቤቴ ያድርገው» እያለች ስታበጥራት፣ እቴቴ ጆሮዋን ይዛ ወጣች።

ጓሮ ጭምቷ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። እቴቴ እንደ አዲስ ሰው ታያት ጀመር። ልጅቷ ስትነሳ ግድግዳውን በጣቷ ትነካለች፣ ከዚያ ነው የምትራመደው። ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ ዳር ላይ ታደርገውና ይወድቃል። ጠዋት ጠዋት ያስመልሳታል፤ እናቷ ወተቱ አልተስማማትም ብላ ወተት አስቁማለች። ይሄ ሁሉ ዐይናቸው ስር ነበር። ግን የፌንጣን ሩጫ ሲያባርር የሚውል ሰው የተቀመጠ ልጅ መች ያያል?

«ያምሻል እንዴ?» አለቻት።

«የቱ?»

እቴቴ ራስሽን ማለት ፈራች።

ይልቅ ለራሷ ተረት ፈጠረች። የፌንጣ ሁለተኛ ፎቶ ንጹህ ይወጣል፤ ተአምር ይባላል፤ እኔ ደግሞ ዐይኗ ደከመ ብዬ ጭምቷን ቀስ ብዬ ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ፤ ማንም ሳያውቅ ያልፋል። ስድስት ቀን በዚህ ተኛች፣ መተኛት ከተባለ።

እንደ ተረቷም ሆነ። ፌንጣ ደንዝዛ ገባች፣ ንጹህ ሆና ወጣች። ግቢው በእልልታ ተናጋ። ምራቷ ከእናትየው እኩል ወለሉ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ዶክተሯ ግን አልሳቀችም።

«ያኛው ፎቶ የዚች ልጅ አይደለም» አለች። «ደግመን ስናየው የራስ ቅሉ እንኳ አይገጥምም። በዚያ ሳምንት አሥራ አራት ልጆች አንስተናል፤ ከነሱ አንዱ ታሟል። ሁሉንም ወላጆች እየጠራን ነው።»

የማሽኑ ሹፌር ያለ ነጭ ጋውኑ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ፋይል አምታትተሃል ተብሎ ከሥራ ታግዷል። እቴቴን ሲያያት እጁን ዘርግቶ መጣ።

«እማማ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። እኔ ነኝ ያስለቀስኳችሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

 እጁን ጨብጣ «አይዞህ» አለችው። አጠገቡ አንዲት እናት ወንድ ልጇን ጠበቅ አድርጋ ይዛ ተራዋን ትጠብቃለች፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

ቤት እንደገቡ ሴት ልጇን ወጥ ቤት አስገብታ በሩን ገፋ አደረገችና ነገረቻት።

ሴት ልጇ ሰምታ ስትጨርስ ድስቱን ማማሰሏን ቀጠለች። «እማዬ፣ ዝም በይ» አለች።

«ልጅ ናት እኮ! ትሞታለች እኮ!»

«ሰበብ ፈልገን እናስመረምራታለን። ይሄን ካወጣሽው ግን የወንድሜ ሚስት አትምረንም፣ እሱም አይምረንም። እኔ አልሰማሁም። አንቺም አልነገርሽኝም።»

«መቼ ነው የምናስመረምራት?»

«ትንሽ ቀን ይለፍ። ልጄ ገና ዛሬ እኮ ነው የተመለሰችልኝ፣ እማዬ።»

በማግስቱ ጠዋት ጭምቷ ከደረጃው ስትወርድ ሁለተኛዋን ደረጃ ሳታት። አላለቀሰችም። የወደቀችበት እንደተቀመጠች ቀረች። እቴቴ አንስታ አቧራዋን አራገፈችላትና፣ ቀጥታ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄደች።

አንዷ ደንበኛ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር ናት፣ ሌላዋ ፎጣ ጠምጥማ ትጠብቃለች። ምራቷ ስታያት ሳቀች። «እማማ! ምን ወሬ ይዘው መጡልን?»

«ውጪ ነይማ።»

«እዚሁ ይናገሩት፤ ደንበኞቼም የርስዎን ወሬ ናፍቀዋል።»

«ነይ አልኩሽ የኔ ልጅ።»

የሻምፖ ጀሪካኖቹ የተደረደሩበት ጓሮ ወሰደቻትና ከአልጋው ስር ጀምራ እስከ ባቄላዋ ነገረቻት። ምራቷ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ፈገግታው ፊቷ ላይ ደረቀ።

«አልፈርምም ያልኩትን ልጅ?»

«አዎ።»

«ከኔ ደብቀው?»

«አዎ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ስደቢኝ፣ ምቺኝ። ግን ዛሬውኑ እንውሰዳት።»

«ልጄ ጤነኛ ናት።»

«አይደለችም ልጄ።»

«ከታመመችም እዚያ ማሽን ውስጥ ከትተዋት ነው! ቆይ... ቆይ፣ አሁን ገባኝ።» በእጇ የያዘችውን ፎጣ ጣለችው። «ፌንጣ ላይ ነው የተገኘው። ካንቺ ልጅ ቤት አንስተሽ እኔ ቤት ልታዞሪው ነው! እኔ ባዳ ነኛ! የኔ ልጅ ብትሞት አይቆጭሽ!»

አሥር ዓመት ሙሉ እርስዎ ስትላት የኖረች ምራት ናት፣ እንዲህ የምትላት።

«የልጄን ራስ በየሳምንቱ በዚህ በእጄ ነው የማጥበው! እብጠት ቢኖር ጣቴ አይነግረኝም?»

«ውስጥ ነው እኮ። ጣት አይደርስበትም።»

«ውጪልኝ!»

በዚያው ቀን ሻንጣዋን ሞልታ፣ ልጇን ይዛ እናቷ ቤት ገባች። ባሏ መንገድ ላይ ነው፤ ስልኩ ሲይዝ ሲለቅ «ስመጣ እንነጋገራለን» አለና ጠፋ።

እቴቴ ፌንጣን ባዶው የጓሮ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ልጅ ሲሰማ ሁሉን ይሰማል።

«እቴቴ፣ የኔን በሽታ ነው የወሰደችልኝ?»

«ያንቺ አልነበረም።»

«እኔ ሄጄ ቢሆንስ?»

እቴቴ አሰበችው። ፌንጣ ሄዳ ቢሆን ማሽኑ ምንም አያገኝም። ማንም ምንም አያውቅም። ጭምቷም በሩ አጠገብ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጎበዝ እየተባለች፣ ቀስ እያለች...

«ሂጂ ተጫወቺ» አለቻት። ፌንጣ አልሄደችም።

እቴቴ ሐኪም ቤት ገብታ ዶክተሯ፣ ነርሷና ተጠርቶ የመጣው የማሽኑ ሹፌር ባሉበት ተናገረች። ወሬ ስታወራ ምንም ሳትጨምርበት ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

«ሚስቴ እንኳ ተሳስተህ ይሆናል እያለችኝ ነው የከረምኩት» አለ የማሽኑ ሹፌር። እቴቴ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል ወደኋላ አለባት።

«አሥራ አራት ቤት አስለቅሰናል፣ እማማ» አለች ዶክተሯ። ከዚያ መዝገቡን ሳበች። «ልጅቷ የት ናት? ያስመልሳታል ነው ያሉኝ? ትወድቃለች? እንግዲያው ቀን ነው ያለን፣ ሳምንት የለንም። ውሃው መውጫ ሲያጣ ጭንቅላቷን ይጨፈልቀዋል። ግን ወላጅ ሳይፈቅድ አልነካትም።»

«ይሮጣል ያልሽውስ?»

«እሱ የሌላዋን ያምና ፎቶ ከዚች ጋር አስተያይቼ ነው። የዚች ያምና ፎቶ የለኝም። የአምስት ዓመት ይሁን የአምስት ወር፣ አላውቅም።»

ነርሷ ሻርፗን አንስታ «እኔም አብሬዎት ልሂድ» አለች።

በሩን የከፈተችው የምራቷ እናት ናት። ምራቷ ከኋላዋ ቆማለች። «ደሞ ነርስ ይዘሽ መጣሽ?»

«እህቴ፣ ጥፋቱ የኔም ነው» አለች ነርሷ። «ስም ጠራሁ እንጂ ፊት አላየሁም።»

«ማስረጃ አላችሁ?»

«ልጅቷን ጠይቂያት» አለች እቴቴ።

ጭምቷ ጥግ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። እናቷ ዞረች። «ማሽን ውስጥ ገብተሻል?»

ልጅቷ መጀመሪያ አያቷን አየች።

«ንገሪያት፣ የኔ ዓለም። ፈቅጄልሻለሁ።»

«ገብቻለሁ። ኤሊ ያለበት ፊልም አሳዩኝ፤ እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች። ሰውዬው በጆሮዬ ጎበዝ ይለኝ ነበር፣ በፌንጣ ስም።»

«የኤሊው ፊልም የመጣው ዘንድሮ ነው» አለች ነርሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አምና አልነበረም።»

ምራቷ ልጇ ፊት ተንበረከከች። «ራስሽን ያምሻል?»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንደኛ ክፍል እያለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ጭምቷ ጥያቄው ከብዷት አሰበች። «ስንቀሳቀስ ነው የሚብሰኝ። ዝም ብዬ ስቀመጥ ይተወኛል። ዝም ስል ደሞ ጎበዝ ትሉኛላችሁ።»

የእናትየው እጅ እንደለመደው ወደ ልጇ ፀጉር ሄደ። ሊነካ ሲል እንደተቃጠለ ተመለሰ። ማንም ሳይነግራት ተነስታ ጫማዋን ትፈልግ ጀመር፤ አንዱን አገኘች፣ አንዱን አጣች፤ በእናቷ ነጠላ ጫማ ወጣች።

ቀዶ ጥገናው ሰባት ሰዓት ፈጀ። የሕጻናቱ ክፍል በር ላይ ሁለት አስታማሚ ብቻ ነው የሚገባው ተባለ፤ ምራቷ «እኔና እናቴ» አለች። እቴቴ ከውጪ ቆመች። ዶክተሮቹ ከባቄላዋ የቻሉትን አወጡ፤ ጥጓ ግን ትንፋሽን የሚያዘው ቦታ ላይ ተጣብቃ ቀረች፣ አትነካም። ልጅቷ ነቃች። ቃል ፈልጋ እስክታገኝ ጊዜ ይወስድባታል፤ ግራ እጇ አይጨብጥም። በየስድስት ወሩ ፎቶ ትነሳለች፣ እስከ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ከሐኪም ቤትም ወደ ግቢው አልተመለሱም። ባልየው ከመንገድ ሲመጣ እዚያው ሄዶ ያያቸዋል። ለእናቱ «ደህና ናት» ይላታል፣ ከዚያ በላይ አይናገርም።

እቴቴ ሁለት ወር ቻለች። በሁለተኛው ወር መጨረሻ የታችኛዋ ጎረቤት ቁጭ ብላ አይዞሽ ስትላት፣ የያዘችው ነገር አመለጣት። «አልፈርምም ባትል ኖሮ እኮ» አለች፣ «ድሮ፣ ገና ጤፍ ሳታክል ይገኝላት ነበር። ለማንም እንዳትናገሪ ብቻ፤ በሞቴ!»

ክፋት አልነበረባትም። የራሷ ሸክም ከብዷት ጫፏን ለሌላ ሰው ማስያዟ ነው። በአራተኛው ቀን ያቺ ወሬ ፀጉር ቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ስትሠራ ዋለች።

እቴቴ ይሄን አላወቀችም። ለልጅቷ ሹራብ ገዝታ፣ እጇ የማይታዘዝላት ልጅ ቁልፍ አይቸግራት ብላ ቁልፍ የሌለው መርጣ፣ እዚያ ቤት ሄዳ አንኳኳች። የከፈተችው ምራቷ ራሷ ናት። ከስታለች። ገና በሩን ስትከፍት የምትለውን ይዛ ነው የመጣች።

«ብፈርም ኖሮ ድሮ ይገኝ ነበር። አይደል?»

«እኔ እንደዚያ አላልኩሽም።»

«ለኔ አላልሽኝም። ትናንት አንዷ ፀጉሯን እየሠራሁላት በመስታወቱ እያየችኝ ነገረችኝ። ሌላዋ ዝም በይ ብላ በክርኗ ወጋቻት። ሁሉም ያውቃሉ ማለት ነው። ከማን ሰሙት?»

እቴቴ ሹራቡን ዘረጋችላት። 

«እኔ እኮ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ የማስበው የለኝም» አለች ምራቷ። «ልጄን ስትሰርቂኝ አዳንሻት። እኔ ስጠብቃት ገደልኳት። ይሄን እያወቅኩ ነው የማድረው። ሰው እንዲነግረኝ አልፈልግም። በተለይ ካንቺ ቤት ወጥቶ።»

«ልያትና ልሂድ። በሩ ላይ ቆሜ ልያት።»

«አይሆንም።»

ሹራቡን ተቀበለቻትና በሩን ዘጋችው። አላጋጨችውም፤ ልጅ የተኛበት ቤት በር እንደሚዘጋ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

እቴቴ ደረጃው ላይ ቆመች። መስኮቱ ገርበብ ብሏል። ምራቷ ወደ ልጇ ተመልሳ መቀመጧ በወንበሩ ጩኸት ተሰማ፤ ከዚያ ድምጿ መጣ፤ በሩ ላይ እንደተናገረችው አይደለም፣ ሌላ ድምፅ ነው፣ ትዕግሥተኛ።

«እስቲ ጣቴን ያዢልኝ። በግራሽ። ጨበጥ... አይ፣ በዚያኛው አይደለም። በግራሽ። ጨበጥ አድርጊ።»

ወንበሩ ጠጋ ሲል ተሰማ።

«ምንም አይደል። እንደገና።»